የፕሮግራመር ሥራ በምን ይለካል? አለቃችን መስመር ቁጠሩ ብሏል

ኪቶ_ልጅ (ክሩን የከፈተ)
ሰኞ፣ ማታ 2፡10

ሰላም የጅማ ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ነገሩ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

የምሠራው ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለች ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ ውስጥ ነው። ለመድኃኒት ቤት፣ ለሆቴልና ለቡና አቅራቢ ሲስተም እንሠራለን። ፕሮግራመሮች አለን፣ አንዲት ዲዛይነር አለች፣ የደንበኞችን የቴሌግራምና የፌስቡክ ገጽ የሚጽፍ ልጅም አለ። እስካሁን ሥራው በወሬ ነበር የሚሄደው። «ያ ነገር ምን ደረሰ?» «ነገ ያልቃል።» በቃ።

አሁን አለቃችን የኤክሴል ቅጽ ይዞ መጣ። ዓርብ ዓርብ ይሞላል። ፕሮግራመር ስንት መስመር ኮድ ጻፈ፣ ዲዛይነሯ ስንት ፖስት ሠራች፣ ጸሐፊው ስንት ቃል ጻፈ። ወር ሲያልቅ ተደምሮ ደረጃ ይወጣል። ቦነስም በእሱ ነው ተብሏል።

እንግዲህ የእኔን ጉድ ስሙ። አንድ ቡና አቅራቢ ደንበኛ አለን። መዝገቡ ላይ ቡና አለ፣ መጋዘን ውስጥ ግን የለም። ጉድለቱ ትንሽ ነው፣ ግን በየሳምንቱ ይጨምራል። ሰውዬው የመጋዘን ጠባቂውን በሌብነት ሊከስ ምንም አልቀረውም። ሳምንቱን ሙሉ ደረሰኝ ከደረሰኝ ሳመሳክር ከረምኩ። በመጨረሻ ተገኘ። ቡናው ሲገባ በኪሎ ይመዘገባል፣ ሲወጣ ግን በፈረሱላ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ሲስተሙ ወጪውን ለ17 ሲያካፍል ከነጥብ በኋላ ያለውን ቆርጦ ይጥለዋል። ስለዚህ ከመጋዘን ከወጣው ጥቂቱ ከመዝገብ ሳይቀነስ ይቀራል። ማስተካከያው ሦስት መስመር ነው።

ቅጹ ላይ «3» ብዬ ሞላሁ። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ለአንድ ሆቴል የተሠራ ገጽ ለሌላ ሆቴል ገልብጦ ከሺህ በላይ ሞላ። አልፈርድበትም፣ ሥራው እሱ ነበር። ደረጃ ሲወጣ ግን እሱ አንደኛ፣ እኔ መጨረሻ።

የእናንተ መሥሪያ ቤት በምን ይለካችኋል? ለአለቃዬ ምን ልበለው?

ፊርማ_ብቻ
ሰኞ፣ ማታ 2፡25

እናንተ ታድላችኋል። እኛ ጋ የሚለካው ፊርማ ነው። 2፡30 የፈረመ ጎበዝ፣ 2፡45 የመጣ ሰነፍ። ፈርሞ ቡና ሊጠጣ የወጣውን የሚጠይቅ የለም።

ቀስ_በቀስ
ሰኞ፣ ማታ 3፡40

ኪቶ_ልጅ፣ አይዞህ ወንድሜ። ይሄ ቅጽ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 አፕል ኩባንያ ውስጥ ተሞክሯል።

ሊዛ የምትባለውን ኮምፒውተር እየሠሩ ነበር። ሥራ አስኪያጆቹ ፕሮግራመሮቹን በየሳምንቱ የጻፉትን መስመር ብዛት ማስሞላት ጀመሩ። ስክሪን ላይ ቅርጽ የሚስለውን ክፍል የጻፈው ቢል አትኪንሰን ይባላል። ሰውዬው ያን ሰሞን አንዱን የኮዱን ክፍል አፍርሶ እንደገና እየጻፈው ነበር። አዲሱ ስድስት እጥፍ ገደማ ፈጠነ። ኮዱ ደግሞ ወደ 2,000 መስመር ያህል አጠረ። ቅጹ ሲመጣለት ምን ቢሞላ ጥሩ ነው? ሲቀነስ 2,000። ጥቂት ሳምንት ቆይተው እሱን ቅጽ ሙላ ማለታቸውን ተዉት። አብሮት የሠራው አንዲ ኸርትስፌልድ ነው ታሪኩን የተረከው።

አለቃህ ይህን ቢሰማ ይስቃል፣ ግን «እኛ አፕል አይደለንም» ይልሃል። ስለዚህ ሌላውን ንገረው። እያንዳንዱ መስመር ነገ የሚያነበው ሰው ይፈልጋል። ሲበላሽ የሚጠግነው ይፈልጋል። አንተ ትለቅና ሌላ ልጅ ይቀጠራል፣ ያ ልጅ የመጀመሪያ ወሩን የሚጨርሰው ያን ሁሉ መስመር ሲያነብ ነው። ሆላንዳዊው የኮምፒውተር ሊቅ ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1988 እንደጻፈው፣ መስመር የምንቆጥር ከሆነ እንደ ምርት ሳይሆን እንደ ወጪ ነው መቁጠር ያለብን። ያ ከሺህ በላይ መስመር የሞላው ጓደኛህ ለአለቃህ ከሺህ መስመር በላይ ዕዳ ነው የጨመረለት። ሁለቱ ሆቴሎች በአንድ ገጽ መጠቀም ይችሉ ነበር እኮ።

አሠሪ_ነኝ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

እስቲ እኔም ልናገር፣ አትቆጡ። ማተሚያና ማስታወቂያ ቤት አለኝ። ወር ሲያልቅ ደሞዝ ከፋዩ እኔ ነኝ። መብራት ጠፍቶ ሥራ ባይሠራም ይከፈላል። ደንበኛ ገንዘቤን ቢያስርብኝም ይከፈላል።

«የእኛ ሥራ በቁጥር አይለካም» ሲባል ስሰማ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ጭማሪ ስትጠይቁ በምን ለክታችሁ ነው? ያኔማ ይህን ሠርቻለሁ፣ ያንን አስረክቤያለሁ ብላችሁ ዘርዝራችሁ ነው የምትገቡት።

የልጁ አለቃ መስመር ማስቆጠሩ ልክ ነው አላልኩም። ግን ሰውዬው ኮድ ማንበብ አይችልም፣ አይደል? ሠራተኛው ሁሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ ያያል። ማን ሥራ ላይ እንዳለ፣ ማን ዩቲዩብ ላይ እንዳለ በምን ይወቀው? የያዘው ቁጥር መጥፎ ነው፣ እሺ። የተሻለ ቁጥር ስጡት። «እመነኝ» ብቻ ከሆነ ግን ለደሞዝ አይበቃም።

ደግሞ እዚህ ሁላችንም የምናውቀውን ልንገራችሁ። የአባቴ ማሳ ጎማ ወረዳ ነው። የቡና ለቀማ ደርሶ ሰው ስንቀጥር የምንከፍለው በኪሎ ነው። በኪሎ ሲከፈል ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ቅጠሉም ቅርጫት ይገባል። ታዲያ አባቴ ሚዛኑን ጣለው? አልጣለውም። ከመመዘኑ በፊት እጁን ቅርጫቱ ውስጥ ሰድዶ ከሥር ያለውን ያገላብጣል። መለካት ችግር የለውም፣ አይቶ መለካት ነው።

ቀለሟ
ማክሰኞ፣ ቀን 7፡30

ጋሼ፣ የቅርጫቱን ነገር ወድጄዋለሁ። ግን አባትዎ ቡና ያውቃሉ። የእኛን ቅርጫት የሚያገላብጠው ማነው? ጥያቄዬ እሱ ላይ ነው።

ዲዛይነር ነኝ። የፖስት ቁጥር በደንብ ያውቀኛል። በዓል በመጣ ቁጥር ደንበኛ ሁሉ የእንኳን አደረሳችሁ ይፈልጋል። ፋሲካ፣ ኢድ፣ እንቁጣጣሽ። ያለፈውን ዓመት ፋይል እከፍታለሁ፣ ዓመተ ምህረቱን እቀይራለሁ፣ ቀለሙን ነካ ነካ አደርጋለሁ። ከምሳ በፊት ለደንበኛው ሁሉ አድርሻለሁ። በቁጥር ከሄድን የዓመቱ ምርጥ ቀኔ ያ ነው። ለአንድ ቡና ቆይ ሱቅ አርማ ስሠራ ደግሞ ብዙ ቀን ባዶ ወረቀት ላይ ነው የማፈጠው። ሱቁ ሄጄ እቀመጣለሁ። ማን እንደሚገባ፣ ፌስታሉ በሩቅ ሲታይ ምን እንደሚመስል አያለሁ። ዓርብ ሲመጣ የምሞላው ዜሮ ነው።

ሌላ መለኪያም አይቻለሁ። ከዚህ በፊት የሠራሁበት ቦታ የሚቆጠረው ሥራው ከደንበኛ ስንት ጊዜ እንደተመለሰ ነበር። ጥቂት የተመለሰበት ይሸለማል። ጥሩ ይመስላል አይደል? እኛ ምን አደረግን? ማንም «አልወደድኩትም» የማይለውን ነገር መሥራት ጀመርን። ካፌ ከሆነ ጀበና፣ ከጀበናው በላይ ጭስ። በአንድ ጊዜ ያልፋል። የጅማ ካፌ ሁሉ አርማ ጀበና የሆነው በከንቱ መሰላችሁ?

የዋንዛ_ልጅ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡50

ቀለሟ፣ ስለ ጀበናው ሳቅ ገደለኝ። ከቢሮ ውጭ ያለውንም ልጨምር።

አባቴ በርጩማ ጠራቢ ነው። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ታውቁታላችሁ። ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው፣ እግሩ አይቀጠልም። አብረውት ለሚጠርቡት ልጆች ተራውን በርጩማ በቁጥር ነው የሚከፍላቸው፣ ጌጥ ያለውን በስምምነት። አንድ ሰሞን ትእዛዝ በዛና ሁሉንም በቁጥር አደረገው። ሥራው ፈጠነ። የተጠረበ ዋንዛ ጥላ ውስጥ ቀስ እያለ መድረቅ አለበት። ልጆቹ ግን ቶሎ እንዲያልቅላቸው ፀሐይ ላይ አወጡት። በርጩማው ተሸጠ፣ እነሱም ተከፈላቸው። የተሰነጠቀው ገዢው ሳሎን ውስጥ ነው።

አሁን ከሒሳባቸው ትንሽ አስቀርቶ የሚከፍላቸው ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ተነጫንጭተው ነበር። አሁንም ይነጫነጫሉ።

መልኮ_ሰፈር
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡05

እንዲህ ያለውን ጥያቄ እዚህ ከተማ ውስጥ ከመልኮ የተሻለ የሚመልስ ቦታ የለም። የግብርና ምርምር ማዕከሉን ማለቴ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገባ። ፈንገስ ነው፣ ገና ያልበሰለውን አረንጓዴ ፍሬ ነው የሚያጠቃው። ማሳው ሙሉ ጠቁሮ ይረግፍ ነበር። ተመራማሪዎች በሽታው በጠናበት ቦታ እየዞሩ ጎረቤቱ ሁሉ ተመትቶ እሱ ብቻ የቆመውን ዛፍ መፈለግ ያዙ። ከዚያ ፍሬውን ወስዶ መፈተን፣ ዘሩን ማፍላት፣ ችግኙን መፈተን፣ ተክሎ መጠበቅ። ቡና ከተተከለ በኋላ ምርት ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። ገበሬው ዛሬም የሚተክላቸው 741፣ 74110፣ 74112 የሚባሉት ዝርያዎች የመጡት ከዚያ ነው። 74 የተመረጡበት ዓመት ነው (እ.ኤ.አ. 1974)፣ ቀጥሎ ያለው የእናት ዛፉ ቁጥር። 74110 ከመቱ አካባቢ የተገኘ ነው። የመጀመሪያዎቹ ለገበሬ መለቀቅ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው።

እስቲ ያን ተመራማሪ የዓርብ ቅጽ አስሞሉት። «በዚህ ሳምንት ምን ሠራህ?» «ዛፍ አየሁ።» «ባለፈው ሳምንትስ?» «ዛፍ አየሁ።» ቦነስ የለም።

የሚያሳዝነው፣ አሁን ምርምርም በሕትመት ብዛት ወደመለካት ሄዷል። ዕድገት የሚፈልግ ሰው አንዱን ጥናት ቆራርጦ ሦስት ጽሑፍ ያወጣል። ገንዘብ ከፍለህ ሳይገመግም የሚያትምልህ መጽሔት ሞልቷል። ቁጥሩ ያምራል። ገበሬው ጋ የሚደርሰው ነገር ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

አሠሪ_ነኝ
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡00

መልኮ_ሰፈር፣ ታሪኩ ደስ ይላል። ግን እኔ እስከ ዛፉ ፍሬ ድረስ ደሞዝ መክፈል አልችልም። የመንግሥት በጀት የለኝም።

ሰርቨር_ጠባቂ
ረቡዕ፣ ቀን 6፡20

አሠሪ_ነኝ የተሻለ ቁጥር ስጡት ብለዋል። ይሄው።

መጀመሪያ ግን ቁጥር ለምን እንደሚበላሽ። ቻርልስ ጉድኸርት የሚባል እንግሊዛዊ የኢኮኖሚ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ ያነሳው ሐሳብ አለ። በኋላ ማሪሊን ስትራተርን የተባለች የሥነ ሰብእ ምሁር አሳጠረችው። መለኪያው ራሱ ግብ ከሆነ ጥሩ መለኪያ መሆኑ ይቀራል። የቀለሟ ጀበና እሱ ነው። ፀሐይ ላይ የወጣው በርጩማም እሱ ነው።

ሶፍትዌር ላይ ብዙ ሰው የሚጠቀምባቸው አራት መለኪያዎች አሉ። ኒኮል ፎርስግሬንና ባልደረቦቿ በሺዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎችን ለዓመታት እየጠየቁ ያወጧቸው ናቸው። ማሻሻያ በስንት ጊዜ አንዴ ለተጠቃሚው ይደርሳል? ኮዱ ተጽፎ ተጠቃሚው እጅ እስኪገባ ምን ያህል ይቆያል? ከደረሱት ማሻሻያዎች ስንቱ ነገር ያበላሻል? ሲበላሽ በምን ያህል ጊዜ ይመለሳል? ልብ በሉ፣ አንዳቸውም የአንድን ሰው ስም አይጠሩም። የሚለካው ቡድኑ ነው። ሁለቱ ፍጥነትን፣ ሁለቱ ጥራትን ስለሚያዩ አንዱን ለማሳመር ሌላውን ብታበላሽ ይታወቅብሃል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ እሷው ከሌሎች ጋር ሆና አንድ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፣ የሠራተኛው እርካታና ተግባብቶ መሥራቱም ይታይ የሚል ጽሑፍ አውጥታለች።

ቀስ_በቀስ
ረቡዕ፣ ቀን 9፡45

ሰርቨር_ጠባቂ፣ መለኪያዎቹ ጥሩ ናቸው። ግን የተሠሩት በቀን ብዙ ጊዜ ማሻሻያ ለሚለቅ ቤት ነው። እኛ አጋሮ ላለ ደንበኛ ማሻሻያ የምናደርሰው ፍላሽ ይዘን ሚኒባስ ተሳፍረን ነው። ደንበኛው ጋ ኢንተርኔት የለም። ምኑን ነው የምለካው፣ የሚኒባሱን ፍጥነት?

ሰርቨር_ጠባቂ
ረቡዕ፣ ማታ 12፡30

አዎ፣ እሱን ነው የምትለካው! እየቀለድኩ አይደለም። ኮዱ ማክሰኞ አልቆ ደንበኛው ጋ የደረሰው በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ከሆነ፣ መሐል ያለው ጊዜ ሁሉ ፍላሽ ውስጥ ተኝቶ ያለፈ ነው። አለቃው ፕሮግራመሩን «ፍጠን» እያለ ቢጮህበት ምን ዋጋ አለው? ልጁ የሁለት ቀን ሥራ በአንድ ቀን ቢጨርስ እንኳ ደንበኛው አያውቀውም። ለውጥ የሚያመጣው የመኪና ፕሮግራም ማውጣት ወይም ደንበኛው ጋ ኢንተርኔት ማስገባት ነው። መስመር ብትቆጥር ይሄ በፍጹም አይታይህም።

ፊርማ_ብቻ
ረቡዕ፣ ማታ 12፡41

ሚኒባሱም ይፈርም።

አሠሪ_ነኝ
ሐሙስ፣ ጠዋት 12፡50

ይሄ ገብቶኛል። እኔ ጋም ባነሩ ታትሞ ሰቃይ እስኪመጣ ይተኛል። ደንበኛው ደውሎ የሚጮኸው ዲዛይነሬ ላይ ነው።

የቀለሟ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። ቅርጫቱን ማን ያገላብጥ? እኔ የማስበውን ልበል። ኮድ ማንበብ የማይችል አለቃ ደንበኛውን መጠየቅ ይችላል። የፈረሱላው ደንበኛ ጋ ደውሎ «ያ ችግር ምን ሆነ?» ቢል ሦስት መስመሯ ምን እንደሠራች በሁለት ደቂቃ ይገባዋል። ለዚህ ኮድ መማር አያስፈልገውም። ኮድ የሚያውቀውን ሠራተኛ ደግሞ አልፎ አልፎ ከሌላው ጎን አስቀምጦ ሥራውን እንዲያይለት ማድረግ ነው። ዛሬ ገበያ ነው፣ ልሂድ። ማታ እመለሳለሁ።

ቀስ_በቀስ
ሐሙስ፣ ቀን 8፡10

በዚህ እስማማለሁ፣ ጋሼ። የማልስማማው ደረጃ ማውጣቱ ላይ ነው። የሰው ሥራ በሰንጠረዥ ተደርድሮ አንደኛ ሁለተኛ ከተባለ ማንም ማንንም አይረዳም። እኔ ጀማሪ እያለሁ ኮዴን እያየ የሚያርመኝ ትልቅ ሰው ነበር። ግማሽ ቀኑ የሚያልቀው ከእኛ ጋር ነው። የእሱ መስመር ሁልጊዜ ትንሽ ነው፣ የእኛ ሁሉ ግን የሚሠራው በእሱ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው ሰው በኪቶ_ልጅ ቢሮ ቢቀጠር በሁለተኛው ወር «አታስቸግሩኝ፣ ቅጽ አለብኝ» ይላል።

ኪቶ_ልጅ
ቅዳሜ፣ ቀን 10፡00

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አለቃዬን አናገርኩት። የአፕሉን ታሪክ ቀስ_በቀስ እንዳለው ሳቀና አለፈው። የጋሼን ምክር ሰምቼ ግን «ደንበኛው ጋ ይደውሉ» አልኩት። ደወለ። ሰውዬው ስለ መጋዘን ጠባቂው ረጅም ነገር ነገረው። ይቅርታ ጠይቆት ወደ ሥራው መልሶታል አሉ። አለቃዬ ስልኩን ዘግቶ ትንሽ ዝም አለና ቅጹን ከፈተ።

የመስመር ዓምዱ ወጥቷል። አሁን የሚሞላው የየትኛው ደንበኛ ችግር እንደሆነ፣ መቼ እንደተነገረን፣ መቼ ደንበኛው ኮምፒውተር ላይ እንደሠራ፣ ተመልሶ መምጣት አለመምጣቱ ነው። አጠገቤ ያለው ልጅ ሦስት ችግር ጨርሷል፣ እኔ አንድ። ደህና፣ የእሱም ሥራ ሥራ ነው። ያለፈውን ወር መለስ ብለን ስንሞላ የሰርቨር_ጠባቂ ፍላሽ ወጣች። አብዛኛው ጊዜ ያለፈው በጉዞ ጥበቃ ነው። አለቃዬ ለዚህ ምን እንደሚያደርግ ገና አልተናገረም።

ደረጃው ግን አልቀረም። ቦነስ በደረጃ ነው ብሏል። ክርክሩ ይቀጥላል።

ቀለሟ
ቅዳሜ፣ ማታ 1፡15

የዲዛይነሯስ?

ኪቶ_ልጅ
ቅዳሜ፣ ማታ 1፡22

እሷ ጋ አልተነካም። አሁንም የፖስት ቁጥር ነው። «ኮድ አላውቅም፣ ዲዛይን ግን ዓይን አለኝ፣ አየዋለሁ» አለ። ተናዳለች።

ቀለሟ
ቅዳሜ፣ ማታ 1፡40

ዓይን አለኝ! ውስጥ መስመር ላይ እንድትጽፍልኝ ንገራት። አሁን የምጠቀምበትን እልክላታለሁ። ሥራ ሳይጀመር ደንበኛው ምን እንደሚፈልግ በግማሽ ገጽ ይጻፋል፣ እሱም ይፈርማል። የሚወስነው አንድ ሰው ማን እንደሆነ ስሙ ይሰፍራል፣ አለዚያ የባለቤቱ እህትም የአጎቱ ልጅም ይቀይሩታል። ሥራው ሲመለስ «ከተጻፈው ወጥቻለሁ» እና «ደንበኛው ሐሳብ ቀየረ» ለየብቻ ይቆጠራሉ። ሁለተኛው ሲበዛ ተጨማሪ ይከፈላል። የበዓል ፖስት ደግሞ ለብቻው በቁጥር ይሁን፣ እሱን አልከራከርም።

አሠሪ_ነኝ
ቅዳሜ፣ ማታ 2፡05

«ተጨማሪ ይከፈላል» የሚለውን ደንበኛው እሺ ይላል? ለማንኛውም ለእኔም ላኪልኝ።